ኮምፕሬሰሩን ምን ገደለው?

ጄኔራል ሞተርስ እ.ኤ.አ. ከ1962 ጀምሮ ለብዙ ዓመታት ማቀዝቀዣ ባላቸው መኪኖቹ ላይ ይገጥም የነበረው ኮምፕሬሰር «ፍሪጅዴር ኤ6» ይባላል። ስድስት ሲሊንደር ያለው፣ ወደ 16 ኪሎ ግራም የሚመዝን ጠንካራ መሣሪያ ነው። የዚያን ዘመን ካዲላኮችና ሸቭሮሌቶች አድሰው የሚነዱ አሜሪካውያን ቅዝቃዜው ሲጠፋባቸው መጀመሪያ የሚጠረጥሩት እሱን ነው። አሮጌው ይፈታል፣ አዲሱ ይታሰራል፣ ጋዝ ይሞላል፤ ብዙም ሳይቆይ አዲሱም መዞር ያቆማል። ጥፋቱ የዕቃው አይደለም። ኮምፕሬሰርን ብዙውን ጊዜ የሚገድሉት የዘይት እጦት፣ እርጥበትና ከልክ ያለፈ ግፊት ናቸው፤ ሦስቱም በአብዛኛው የሚመጡት ከቀረው መስመር ነው። መስመሩን ሳይነኩ ኮምፕሬሰር መቀየር ማለት እንግዲህ አዲሱን ለዚያው ገዳይ አሳልፎ መስጠት ነው።

የቤት ፍሪጅ ኮምፕሬሰር ከነሞተሩ በብረት ሽፋን ውስጥ ተበይዶ የተዘጋ በመሆኑ ጋዝ ሳይጨመርለት ለብዙ ዓመታት ይሠራል። የመኪናውን የሚያዞረው ግን ቺንጋ ነው። ስለዚህ ዘንጉ ከአካሉ ወደ ውጭ መውጣት አለበት፤ በሚወጣበት ቀዳዳ ላይ ጋዙን የሚይዘው አንድ ማኅተም ቀለበትና በላዩ ያለው ስስ የዘይት ሽፋን ብቻ ነው። መኪናው ወራት ሙሉ ሳይነሳ ሲቆም ዘይቱ ይወርዳል፣ ቀለበቱ ይደርቃል፣ ጋዙም ቀስ እያለ ይሾልካል። ጉዳቱ ደግሞ ቅዝቃዜ በማጣት አያበቃም። ከዘይቱ ከፊሉ ሁልጊዜ ከጋዙ ጋር በመስመሩ ይዞራል፤ ወደ ኮምፕሬሰሩ የሚመልሰውም የጋዙ ፍሰት ነው። ጋዙ ሲያንስ ዘይቱ ቅዝቃዜ በሚሰጠው ኢቫፖሬተርና ሙቀት በሚያስወጣው ኮንደንሰር ውስጥ ተኝቶ ይቀራል፣ ፒስተኖቹም በደረቁ ይፋተጋሉ።

በእነዚህ መኪኖች ላይ ነገሩን የሚያከብደው የጋዙ ዓይነት መለወጡ ነው። የተሠሩት አር-12 ለተባለው ጋዝ ነበር። በ1974 ማሪዮ ሞሊናና ሼርዉድ ሮውላንድ ከዚህ ዓይነቱ ጋዝ የሚወጣው ክሎሪን የኦዞንን ሽፋን እንደሚበላ አስረዱ፤ በ1987 የሞንትሪያል ስምምነት ተፈረመ፤ በ1995 መጨረሻ አሜሪካ ጋዙን ማምረት አቆመች። በቦታው የገባው አር-134ኤ በባሕርይው ይቀርበዋል፣ ነገር ግን አንድ አይደለም። በ0 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የአር-12 ግፊት 3.1 ባር ገደማ፣ የአር-134ኤ ደግሞ 2.9 ባር ገደማ ነው። ኮንደንሰሩ በጠራራ ፀሐይ 60 ዲግሪ ሲደርስ ግን አር-12 ወደ 15.2፣ አር-134ኤ ወደ 16.8 ባር ይወጣሉ። ከታች ዝቅ፣ ከላይ ከፍ ማለት ነው፤ በፊት ግፊቱን አምስት እጥፍ ያህል ያሳድግ የነበረው ኮምፕሬሰር አሁን ስድስት እጥፍ ሊጠጋ ይገደዳል። ከሁሉ የሚከፋው አር-12 ይዞት ይዞር የነበረው የማዕድን ዘይት ከአር-134ኤ ጋር አለመዋሐዱ ነው። ዘይቱ ሳይለወጥ ጋዙን ብቻ የለወጠ ሰው፣ መስመሩ ሙሉ ሆኖ ሳለ ኮምፕሬሰሩን ዘይት አስርቦታል።

ምርመራው መጀመር ያለበት ከወለቀው ኮምፕሬሰር ዘይት ነው። ነጭ ጨርቅ ላይ ጠብ ሲደረግ ንጹሕና ቢጫማ ከሆነ የቀረው መስመር ተስፋ አለው። ጠቁሮ የሚያብለጨልጭ የአሉሚኒየም ብናኝ ከያዘ ግን ብናኙ በኮንደንሰሩ ቱቦዎች ውስጥም ተሰግስጓል፤ አጥቦ ማስወጣቱ ካልተቻለ ኮንደንሰሩ ራሱ መቀየር አለበት። ድራየሩን ያለ ክርክር መጣል ይገባል። ውስጡ ያለው እርጥበት መጣጭ አየር እንደነካው መጥገብ ይጀምራል፤ የቀረ ውሃ ደግሞ ከጋዙ ጋር አሲድ ፈጥሮ ብረቱን ይበላል። መስመሩን በቫኩም ፓምፕ ለረዥም ጊዜ መሳብ የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው፤ ግፊቱ በጣም ሲወርድ ውሃ በክፍል ሙቀት ይፈላና ተንኖ ይወጣል። ይህን ሥራ ቸኩሎ መዝለል ከሁሉም ስህተት ያሳዝናል፤ ከትዕግሥት በቀር ብዙም አያስወጣምና።

«ኮምፕሬሰር ብቻ ቀይረው ዓመታት የነዱ አሉ» የሚል ይኖራል። አሉ፤ የእነሱ ኮምፕሬሰር የወደቀው መስመሩ ገና ንጹሕ ሳለ በማኅተሙ ብቻ ነበር፤ ይህንንም የሚያሳየው ያው ዘይት ነው። ፕሮፔንና ቡቴን የተቀላቀለበት ርካሽ ጋዝ የሚመርጡም አሉ። ከአሮጌው ዘይት ጋር መስማማቱና ማቀዝቀዙ እውነት ነው። ነገር ግን ኢቫፖሬተሩ ያለው ተሳፋሪው ፊት፣ ዳሽቦርዱ ሥር ነው፤ እዚያ የሚሾልክ ተቀጣጣይ ጋዝ የሰው ሕይወት ጉዳይ ስለሆነ የአሜሪካ ሕግ በአር-12 ምትክ እንዲገባ አይፈቅድም።

ክብደት ያለው ተቃውሞ የኦርጅናሌነት ጥያቄ ነው። ታሪካዊ መኪና ላይ የጃፓኑን ሳንደን ኮምፕሬሰር መግጠም ቅርሱን ማበላሸት ነው ይላሉ። መስመሩ ደህና ከሆነና ኤ6ቱን አድሶ ማኅተሙን መቀየር ከተቻለ እነሱ ልክ ናቸው፤ ከድሮ መሣሪያዎች ተሰብስቦ የጸዳ አር-12 የሙያ ማረጋገጫ ላለው ሰው በሕጋዊ መንገድ ይሸጣል። በየጊዜው ለሚያፈስ መኪና ግን ይህን ጋዝ ደጋግሞ መሙላት ወደ ሰማይ መልቀቅ ነው፤ እኔ በዚህ አልስማማም። አምስት ሲሊንደር ያለው የሳንደን «ኤስዲ508» በአንድ ዙር የሚስበው 138 ሴንቲ ሜትር ኩብ ሲሆን የኤ6 206 ነው። ትንሽ ቢመስልም ለእሱ የሚስማማ ፑሊ ተመርጦ ፈጠን ብሎ ሲዞር፣ ሙቀት በደንብ የሚያስወጣ አዲስ ዓይነት ኮንደንሰርም ሲታከልለት የመኪናውን ውስጥ ያቀዘቅዛል፤ ከሞተሩ ላይም ብዙ ክብደት ያነሳል። መያዣው መኪናው ላይ ቀዳዳ ሳይበሳ በነባሮቹ ብሎኖች የሚታሰር ሆኖ ሊመረጥ ይችላል። አሮጌው ኤ6 ጥቂት ዘይት ተጨምሮበት ቀዳዳዎቹ ተደፍነው ከተቀመጠ፣ ወደፊት መኪናውን እንደ ጥንቱ ማድረግ የሚፈልግ ባለቤት ይመልሰዋል።