ሴሮቶኒን በባሕር ቀንድ አውጣ የነርቭ ሕዋሳት መካከል የሚተላለፈውን መልእክት እንዴት ያጠናክራል?

የማስታወስ ችሎታ በነርቭ ሕዋሳት ላይ የሚያስከትለውን ለውጥ በዝርዝር ለመረዳት ካስቻሉ እንስሳት መካከል አፕሊዥያ የተባለው የባሕር ቀንድ አውጣ ግንባር ቀደም ነው። በዚህ እንስሳ ላይ የተካሄዱ ምርምሮች ሴሮቶኒን የተሰኘው ኬሚካል በሕዋሳት መካከል የሚተላለፈውን የኤሌክትሪክ መልእክት የሚያጠናክርበትን መንገድ ደረጃ በደረጃ አሳይተዋል።

በቪየና ተወልደው እ.ኤ.አ. በ1939 ከናዚ አገዛዝ በመሸሽ ወደ አሜሪካ የተሰደዱት ፕሮፌሰር ኤሪክ ካንዴል ይህን እንስሳ ለምርምር ሲመርጡ፣ የሰውን አእምሮ ከቀንድ አውጣ መማር መቻሉን የተጠራጠሩ የሙያ ባልደረቦቻቸው ጥቂት አልነበሩም። ይሁንና ምርጫው በቂ ምክንያት ነበረው። የሰው አንጎል ወደ 86 ቢሊዮን የሚጠጉ የነርቭ ሕዋሳት ሲኖሩት፣ አፕሊዥያ ያሉት 20 ሺህ ገደማ ብቻ ናቸው። ከእነዚህም አንዳንዶቹ እስከ አንድ ሚሊ ሜትር የሚደርስ ስፋት ስላላቸው፣ ተመራማሪው አንዱን ሕዋስ ለይቶ የኤሌክትሪክ እንቅስቃሴውን ለመለካት አይቸገርም።

እንስሳው ውኃ የሚያስወጣበት ቱቦ በቀስታ ሲነካ የሚተነፍስበትን ስንጥብ ወደ ውስጥ ይሰበስባል። ጅራቱ ላይ የኤሌክትሪክ ንዝረት ከደረሰበት በኋላ ግን ያው ቀላል ንክኪ ከቀድሞው የበረታ ምላሽ ያስከትላል። እንስሳው አደጋን መጠንቀቅ ተምሯል ማለት ነው።

በዚህ ሂደት የሴሮቶኒን ድርሻ ከፍተኛ ነው። ጅራቱ ሲነዘር ሴሮቶኒን የሚያመነጩ ሕዋሳት ይነቃቁና ኬሚካሉን ንክኪን በሚቀበለው ሕዋስ ላይ ያፈሳሉ። በዚህም ሳቢያ በተቀባዩ ሕዋስ ውስጥ ሳይክሊክ ኤኤምፒ የተባለው ውስጣዊ መልእክተኛ ይበዛል፤ እርሱም በበኩሉ ፕሮቲን ካይኔዝ ኤ የተሰኘውን ኢንዛይም ሥራ ያስጀምራል። ኢንዛይሙ ፖታሲየም ከሕዋሱ ከሚወጣባቸው በሮች የተወሰኑት እንዲዘጉ ያደርጋል።

የኤሌክትሪኩ መልእክት የሚያበቃው ፖታሲየም ከሕዋሱ ሲወጣ ነው። በርካታ በሮች ካሉት አዳራሽ ጥቂቶቹ ቢዘጉ ሕዝቡ ወጥቶ ለማለቅ ረዘም ያለ ጊዜ እንደሚፈጅበት ሁሉ፣ የፖታሲየም መውጫ ሲጠብም የኤሌክትሪኩ መልእክት በጥቂቱ ይረዝማል። በተጨማሪው ጊዜ ብዙ ካልሲየም ወደ ሕዋሱ ጫፍ ይገባል፤ ካልሲየም ሲበዛም ግሉታሜት የተባለው መልእክት አስተላላፊ በብዛት ይለቀቃል። በዚህም ምክንያት ስንጥቡን የሚያንቀሳቅሰው ሕዋስ ጠንከር ያለ ትእዛዝ ይደርሰዋል። በዚህ ሥራው ሴሮቶኒን መልእክቱን ራሱ አያደርስም፤ የመልእክቱን ጉልበት ይወስናል።

ሌላው ዐቢይ ግኝት ድግግሞሽን ይመለከታል። በቤተ ሙከራ በተያዙ ሕዋሳት ላይ ሴሮቶኒን አንድ ጊዜ ሲጨመር ለውጡ የሚቆየው ለደቂቃዎች ነው። በየመሐሉ ዕረፍት እየተሰጠ አምስት ጊዜ ሲጨመር ግን ከአንድ ቀን በላይ ይዘልቃል። ለዚህም ምክንያቱ መልእክቱ እስከ ሕዋሱ አስኳል ደርሶ ዘረ መሎችን መቀስቀሱ፣ አዳዲስ ፕሮቲኖች መመረታቸውና በሕዋሳቱ መካከል አዲስ መገናኛዎች መብቀላቸው ነው። እ.ኤ.አ. በ1986 የወጣ ጥናት የፕሮቲን ምርት ሲታገድ የአጭር ጊዜው ለውጥ እንደሚቀጥል፣ የረጅም ጊዜው ግን እንደማይከሰት አረጋግጧል።

ከዚህ ተነስቶ ግን በሰው ላይ የችኮላ ድምዳሜ መስጠት አይገባም። በሰው ልጅ አብዛኛው ሴሮቶኒን የሚገኘው በአንጀት ውስጥ ሲሆን፣ በአንጎል ውስጥ ያለውም ከእንቅልፍ፣ ከምግብ ፍላጎትና ከስሜት ጋር የተያያዙ የተለያዩ ተግባራት አሉት። ስለሆነም የቀንድ አውጣው ውጤት ሴሮቶኒን ላይ የሚሠሩ መድኃኒቶች የማስታወስ ችሎታን ያዳብራሉ ለማለት ማስረጃ ሊሆን አይችልም።

ይሁን እንጂ ሳይክሊክ ኤኤምፒና ከእርሱ ጋር ተያይዘው የሚሠሩት ፕሮቲኖች በዝንብም ሆነ በአይጥ ትምህርትና ማስታወስ ላይ ድርሻ እንዳላቸው ተረጋግጧል። ፕሮፌሰር ካንዴልም እ.ኤ.አ. በ2000 የሕክምና ኖቤል ሽልማትን ከአርቪድ ካርልሰንና ከፖል ግሪንጋርድ ጋር ተጋርተዋል። ፋይዳው በዕለቱ የማይታይ መሠረታዊ ምርምር በትዕግሥት ከተደገፈ የት ሊደርስ እንደሚችል የዚህ ቀንድ አውጣ ታሪክ ያስረዳል።