ለመኝታ ቤት የሚስማማው ተክል የትኛው ነው?

(በ12ኛ ክፍል ተማሪ የተጻፈ)

ተክልን ወደ ቤት ማስገባት አገራችን ከማንም የተማረችው ነገር አይደለም። ቡና ሲፈላ ወለሉ ላይ ቄጠማ ይጎዘጎዛል፤ ለእንቁጣጣሽ አደይ አበባ በየቤቱ ይገባል፤ የወተት ዕቃ በወይራ ይታጠናል፤ ክፍሉም በዕጣን ይታወዳል። ይልቁንም እኛ የሽንፋና የመተማ ልጆች ዕጣኑ የሚፈስበትን ዛፍ በገዛ ዓይናችን እያየን ያደግን ነን። ሆኖም ይህ ሁሉ የሚደረገው ለበዓልና ለእንግዳ ክብር ነው እንጂ፣ ሰው ከዕድሜው ሲሶውን ያህል ተኝቶ ለሚያሳልፍበት ክፍል የትኛው ተክል እንደሚስማማ የሚጠይቅ ጥቂት ነው።

በአሁኑ ጊዜ በስልክ ከሚተላለፉት ምክሮች መካከል፣ «ይህን ተክል ከራስጌያችሁ አኑሩ፤ ሌሊቱን ሙሉ ኦክሲጅን ይሰጣችኋል፤ አየሩን ከመርዝ ያጠራል፤ እንቅልፍም ያመጣል» የሚለው በብዛት ይሰማል። በሌላ ወገን ደግሞ ከሽማግሌዎቻችን አንዳንዶቹ፣ «ሌሊት ተክል ባለበት ክፍል የተኛ ሰው ትንፋሽ ያጥረዋል» ይላሉ። ሁለቱ ምክሮች እርስ በርሳቸው ስለሚቃረኑ፣ እኔም ከሁለት ጓደኞቼ ጋር በአንዲት የኪራይ ክፍል የምኖር ተማሪ ስለሆንሁ፣ ነገሩ በክፍል ውስጥ ከተማርነው ትምህርት ጋር እንዴት እንደሚስማማ መረመርሁ። ያገኘሁትንም ከዚህ በታች በተራ አቀርባለሁ።

1ኛ. ተክል በቀንና በሌሊት የሚሠራው ሥራ

በአውሮፓ አቆጣጠር በ1771 ዓ.ም. ጆሴፍ ፕሪስትሊ የተባለው እንግሊዛዊ ሊቅ፣ ሻማ ነዶ በጠፋበት በተዘጋ ብርጭቆ ውስጥ የናና ቅርንጫፍ አኖረ። ከጥቂት ቀናት በኋላ በዚያው አየር ውስጥ ሻማ እንደገና ሊነድ ቻለ። ሻይ ውስጥ የምንጨምረው ናና የተበላሸ አየር ማደስ እንደሚችል በዚህ ታወቀ። በ1779 ደግሞ ያን ኢንገንሁስ የተባለ ሆላንዳዊ ሐኪም፣ ይህን ሥራ የሚሠራው የተክሉ አረንጓዴ ክፍል ብቻ እንደሆነ፣ እሱም ቢሆን ብርሃን ሲያገኝ ብቻ እንደሚሠራ አስረዳ። በጨለማ ግን ተክልም እንደ እኛ ኦክሲጅን እየሳበ፣ የተቃጠለ አየር ማለትም ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያስወጣል።

እንግዲህ የሽማግሌዎቹ ቃል መሠረት አለው። ነገር ግን መጠኑን መመልከት ያስፈልጋል። አንድ የተኛ ሰው በሰዓት 12 ሊትር ያህል የተቃጠለ አየር ያወጣል። በጣሳ የተተከለ ተክል ግን ሌሊት የሚያወጣው ከዚህ ጋር ሲነጻጸር እጅግ ጥቂት ስለሆነ ማንንም አይጎዳም። ተክሉን ፈርተን ወደ ውጭ የምናወጣ ከሆነ፣ አብሮን የሚተኛውን ወንድማችንን ከሁሉ አስቀድመን ማስወጣት ይኖርብናል ማለት ነው።

በደረቅ አገር የሚበቅሉ አንዳንድ ተክሎች፣ ለምሳሌ እሬትና ሳንሴቬሪያ፣ ከሌሎቹ የተለየ ጠባይ አላቸው። ቀን በፀሐይ ውሃቸው እንዳይተን የቅጠላቸውን ቀዳዳ ይዘጉና ሌሊት ይከፍቱታል፤ የሳቡትንም የተቃጠለ አየር በአሲድ መልክ አከማችተው በማግሥቱ በብርሃን ይሠሩበታል። «ሌሊት ኦክሲጅን የሚሰጥ ተክል» የሚባለው ወሬ የመጣው ከዚህ ይመስለኛል። ነገር ግን ኦክሲጅን የሚወጣው ውሃ በብርሃን ኃይል ሲከፈል ስለሆነ፣ እነዚህም ቢሆኑ በጨለማ ኦክሲጅን አያመርቱም።

2ኛ. «አየሩን ከመርዝ ያጠራል» ስለሚባለው

ይህ አባባል የተስፋፋው በ1989 (እ.ኤ.አ.) የአሜሪካ የጠፈር ምርምር ድርጅት፣ ማለት ናሳ፣ ካወጣው ጥናት በኋላ ነው። ዎልቨርተን የተባለው ተመራማሪና ጓደኞቹ ልዩ ልዩ ተክሎችን በታሸገ ሣጥን ውስጥ አኑረው፣ እንደ ቤንዚንና ፎርማልዴሃይድ ያሉ የቀለምና የቤት ዕቃ መርዞች ሲቀንሱ ተመለከቱ። ጥናቱ እውነት ነው፤ ነገር ግን የታሸገ ሣጥን መኝታ ቤት አይደለም። በመኝታ ቤት አየሩ በበር፣ በመስኮትና በጣራው ሥር ሳይቋረጥ ይገባል፤ ይወጣልም።

በ2019 (እ.ኤ.አ.) በአሜሪካ የድሬክሰል ዩኒቨርሲቲ ሁለት ተመራማሪዎች፣ ከሠላሳ ዓመት ወዲህ የተደረጉትን ሙከራዎች አሰባስበው አስተያዩ። የደረሱበትም ውጤት፣ ተራ የአየር መዘዋወር የሚሠራውን ያህል ተክል እንዲሠራ ከተፈለገ፣ በአንድ ካሬ ሜትር ወለል ላይ ከ10 እስከ 1000 ተክል ያስፈልጋል የሚል ነው። የእኛ ክፍል 3 ሜትር በ3 ሜትር፣ ማለት 9 ካሬ ሜትር ስለሆነ፣ ቢያንስ 90 ጣሳ ተክል ልናስገባ ነው። ያን ጊዜ አልጋውን የት እንደምንዘረጋው አንባቢ ይፍረድ።

3ኛ. በሽንፋ የሌሊት እንቅልፍን የሚነሣው ምንድን ነው?

መድኃኒት ከመምረጥ በፊት በሽታውን ማወቅ ይገባል። በእኔ አስተያየት የአካባቢያችንን እንቅልፍ የሚያውኩት አራት ነገሮች ናቸው፤ እነሱም መታፈን፣ ጢስ፣ ሙቀትና ተናዳፊ ነፍሳት ናቸው።

መታፈንን በሒሳብ እንየው። የክፍላችን ቁመት 2.5 ሜትር ቢሆን በውስጡ የሚገኘው አየር 22,500 ሊትር ነው። ሦስት ተማሪዎች 8 ሰዓት ብንተኛ የምናወጣው የተቃጠለ አየር 288 ሊትር ይሆናል። ክፍሉ ጨርሶ የማያስተነፍስ ቢሆን ኖሮ፣ በውጭ ከመቶ 0.04 እጅ የሆነው የተቃጠለ አየር በንጋት ከመቶ 1 እጅ ባለፈ ነበር። እርግጥ ነው፣ እንደዚያ ያለ የታሸገ ቤት የለም፤ ነገር ግን በርና መስኮት ዘግቶ የሚያድር ሰው ራሱን ከብዶት የሚነሣበትን አንዱን ምክንያት ይህ ስሌት ያሳያል። በዴንማርክ የቴክኒክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በተማሪዎች ማደሪያ ክፍሎች ያደረጉት ጥናት በ2016 (እ.ኤ.አ.) ታትሟል። በጥናቱ መሠረት ሌሊት ንጹሕ አየር ወደ ክፍሉ ሲገባ ተማሪዎቹ የተሻለ እንቅልፍ ተኝተዋል፤ በማግሥቱም በማመዛዘን ፈተና የተሻለ ውጤት አግኝተዋል። ይህ ለፈተና የምንዘጋጅ ሁሉ ልናስብበት የሚገባ ነገር ነው።

ጢስ ከመታፈን የባሰ ነው። ከገጠር መጥተን ቤት የምንከራይ ተማሪዎች፣ ይልቁንም በክረምት፣ በምንተኛበት ክፍል ውስጥ በከሰል ወይም በእንጨት እናበስላለን። የዓለም ጤና ድርጅት እንዳስታወቀው በ2020 (እ.ኤ.አ.) ብቻ በቤት ውስጥ ጢስ ምክንያት 3.2 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ሞተዋል። ከሁሉም የሚያስፈራው ከሰል ሲከስም የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው፤ ቀለም የለውም፤ ሽታም የለውም፤ የተኛውን ሰው ሳይቀሰቅሰው ይገድለዋል። ከዚህ የሚያድን ተክል በዓለም ላይ የለም። ምድጃው ወደ ውጭ ይውጣ፤ ሌላ መፍትሔ የለውም። የተወደደው ዕጣናችን እንኳ መዓዛው ቢያስደስትም ጢስ ነውና፣ ከመኝታ በፊት ክፍሉ መናፈስ አለበት።

ሙቀቱን ስለሚመለከት ብዙ መናገር አያስፈልገኝም። በመጋቢትና በሚያዝያ ቀኑ 40 ዲግሪ ሲደርስ፣ ቀን ሙሉ የጋለው ቆርቆሮና ግድግዳ ሌሊት ሙቀቱን በተኛው ሰው ላይ ይመልሳል። እንቅልፍ የሚመጣው የሰውነት ሙቀት ጥቂት ዝቅ ሲል ስለሆነ፣ በጋለ ክፍል የተኛ ሰው ሲገላበጥ ያድራል። አልጋውን ወደ ደጅ ያወጣ ሰው ደግሞ ለወባ ትንኝ፣ እንዲሁም ካላዛር የተባለውን በሽታ ለምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ ይጋለጣል። ይህች ዝንብ የምትኖረው በዋልካ አፈር ስንጥቅ፣ በግራርና በላሎ (በደኖ) ዛፍ አካባቢ ስለሆነ፣ በእርሻ ወቅት ሜዳ ላይ የሚያድሩ ሠራተኞች ዋና ተጠቂዎች ናቸው።

4ኛ. እንግዲህ ምን እንትከል?

ከላይ የተባለውን ያነበበ ሰው፣ «ተክል ጥቅም የለውም ማለትህ ነውን?» ይለኝ ይሆናል። አይደለም። ተክል ይጠቅማል፤ ነገር ግን በአገራችን ሁኔታ ዋናው ቦታው ከመስኮቱ ውጭ ነው። ምክንያቱም ሁላችን የምናውቀው ነው። በሸክላ እንስራ የተቀመጠ ውሃ በበጋ የሚቀዘቅዘው በእንስራው ላብ ነው፤ 1 ሊትር ውሃ ሲተን 2400 ኪሎጁል ያህል ሙቀት ይዞ ይሄዳል። ዛፍም በቅጠሉ እንደ እንስራው ያልባል፤ ከዚህም በላይ ፀሐይዋ ግድግዳውን ሳትነካ ይከልላታል።

(ሀ) ከቤቱ በስተ ምዕራብ ኒም ይተከል። የከሰዓት በኋላዋ ፀሐይ ከሁሉ የበረታች ስለሆነች ምዕራቡ ይቀድማል። ኒም ደረቁንና ሙቁን አየር ይችላል። ከግድግዳው 4 ወይም 5 ሜትር ርቆ፣ ዝናቡ ሲረጋ በሰኔ መጨረሻ ወይም በሐምሌ ተተክሎ፣ ከፍየል በእሾህ አጥር ቢጠበቅና በመጀመሪያዎቹ በጋዎች ውሃ ቢጠጣ፣ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ጥላ ይሆናል።

(ለ) ይህን ያህል መጠበቅ ለማይችል፣ እንደ እኛ ላለ ተከራይም፣ ቅል ይሻላል። በግድግዳው አጠገብ ትንሽ ዳስ ሠርቶ ቅል ቢያሳድግበት፣ በአንድ ክረምት ውስጥ ዳሱን ይሸፍነዋል። ወጪውም ጥቂት ዘር ብቻ ነው።

(ሐ) ከመስኮቱ ሥር በሶብላ፣ ናናና ጠጅ ሳር ይተከሉ። እነዚህ ፀሐይ ስለሚወዱ በጨለማ ክፍል ውስጥ ይጫጫሉ፤ በውጭ ግን የማታው ነፋስ መዓዛቸውን ይዞ ይገባል። ጠጅ ሳር ትንኝ ያባርራል ስለሚባለው ግን ጥንቃቄ ያሻል። ዘይቱ ያለው በቅጠሉ ውስጥ ስለሆነ፣ ሳይነካ የቆመ ተክል ትንኝ አይከላከልም። የአጎበርን ቦታ የሚተካ ተክል የለም።

(መ) በክፍሉ ውስጥ ተክል ማየት ለሚወድ፣ እኔም አንዱ ነኝ፣ ሁለት ተክል እመርጥለታለሁ። አንደኛው ሳንሴቬሪያ ነው፤ ቅጠሉ እንደ ሰይፍ ቀጥ ብሎ የቆመ፣ ዝንጉርጉር የሆነው ነው። ደብዛዛ ብርሃን ይችላል፤ ውሃም በሁለት ሳምንት አንድ ጊዜ ይበቃዋል። ሁለተኛው እሬት ነው፤ እሱ ግን በመስኮት ደፍ ላይ ብርሃን ይፈልጋል። አረንጓዴ ነገር ዓይንን ያሳርፋል፤ ተክል የሚንከባከብ ሰውም መስኮቱን መክፈት አይረሳም። ይህም ራሱ አንድ ጥቅም ነው።

ማሰሮ መግዛት አያስፈልግም፤ ያለቀ የዘይት ጀሪካን ተቆርጦ፣ ሥሩ ተበስቶ ይበቃል። ዋልካ አፈር ብቻውን ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ ሲርስ ውሃ ይይዛል፤ ስለዚህ ከሽንፋ ወንዝ አሸዋና ከበሰበሰ ፍግ ጋር እኩል በእኩል ይደባለቅ።

5ኛ. ጥንቃቄዎች

በጣሳው ሥር በሚቀመጥ ሳሕን ውስጥ ውሃ እንዲጠራቀም አይተው፤ የደንጊ በሽታ የምታስተላልፈው ትንኝ በእንደዚህ ያለው ውሃ ትፈለፈላለችና። በጣሳ ሥር ጊንጥ ሊደበቅ ስለሚችል፣ ጣሳው በድንጋይ ላይ ከፍ ብሎ ይቀመጥ፤ ሲነሣም እጅ ከማስገባት በፊት ይታይ። ከግድግዳው የተጠጋ ቁጥቋጦ የእባብ መሸሸጊያ እንዳይሆን ይመንጠር።

ሕፃናት ባሉበት ቤት ደግሞ የሚከተሉት ከመኝታ ቤትም ከደጅም ይራቁ። አስተናግር ዘሩ አእምሮ ያስታል፤ የቅንጭብ ወተት ዓይን ይጎዳል፤ ኦሊያንደር የሚባለው ሮዝ አበባ ያለው ቁጥቋጦ ልብን የሚያቆም መርዝ አለው። በከተማ ሆቴሎች ግድግዳ ላይ የሚሳበው ፖቶስ የተባለው ሐረግም ቢታኘክ አፍ ያቃጥላል። ሳንሴቬሪያም ቢበላ ሆድ ያውካልና ከሕፃንና ከፍየል አፍ ይራቅ።

ማጠቃለያ

ስለዚህ ለጥያቄው የምሰጠው መልስ ይህ ነው። ለመኝታ ቤት አየር የመጀመሪያው መድኃኒት የተከፈተ መስኮት ነው፤ ሁለተኛው ከመኝታ ክፍል የወጣ ምድጃ ነው፤ ሦስተኛው በስተ ምዕራብ የቆመ የዛፍ ጥላ ነው። በጣሳ ያለው ተክል ከነዚህ በኋላ የሚመጣ ጌጥ ነው።

የተከበራችሁ ወላጆች ሆይ፤ ልጆቻችሁ የሚከራዩትን ክፍል ስታዩ ከዋጋው ጋር መስኮቱንም ተመልከቱ። ቤት የምታከራዩም፣ በሽቦ ወንፊት የተሸፈነ አንድ መስኮትና በደጅ አንዲት ትንሽ የማብሰያ ዳስ ብትጨምሩልን፣ የምታድኑት የሰው ነፍስ ነው። ጓደኞቼም በመጪው ክረምት እያንዳንዳችን በምንማርበት ክፍልና በምንተኛበት ቤት ምዕራብ አንድ ችግኝ እንትከል። እኛ ትምህርታችንን ጨርሰን ብንሄድ፣ በዚያ ጥላ ሥር የሚተኛ ሌላ ተማሪ አይጠፋም።