በፊደል እግሮች መካከል

በሞጆ በኩል ወደ አዳማም ሆነ በመቂና በባቱ አድርጎ ወደ ሻሸመኔ የሚጓዝ ሰው መንገዱን ሙሉ የግዕዝ ፊደልና ቁቤ ጎን ለጎን ያያል። ኦሮምኛ በላቲን ፊደል፣ ማለትም በቁቤ፣ እንዲጻፍ ከተወሰነበት ከ1984 ዓ.ም. ወዲህ የሱቁም የሆቴሉም ታፔላ ሁለቱን ይይዛል፤ እንግሊዝኛ የሚታከልበትም ብዙ ነው። የፖስተር ሥራ ለሚማር ሰው ከዚህ ጎዳና የተሻለ ትምህርት ቤት ያለ አይመስለኝም።

በፊደል ብቻ የሚሠራ ፖስተር ፎቶም ሥዕልም የለውም። መልእክቱን የሚሸከመው የፊደሉ ቅርጽና ቀለም ያልነካው ቦታ ነው። ዲዛይነሮች ይህን ቦታ ኔጌቲቭ ስፔስ ይሉታል፤ እኔ ነጩ ልበለው። ለምሳሌ ዲዛይነሩ ሊንደን ሊደር እ.ኤ.አ. በ1994 በሠራው የዕቃ አመላላሹ ኩባንያ የፌዴክስ አርማ ውስጥ ያለው ቀስት በቀለም የተሳለ አይደለም። ሁለት ፊደላት ተስተካክለው ሲጠጋጉ መካከላቸው ከቀረው ነጭ የወጣ ነው።

የእኛ ፊደል በዚህ በኩል እጅግ ሀብታም ነው። «ሀ» ወደ ላይ ይከፈታል፣ «በ» ወደ ታች። «ሠ» ሦስት ክንዶቹን ሲያነሣ «ሐ» ሦስት እግሮቹን ያወርዳል። «ዐ» ነጩን ከብቦ ይዘጋዋል፤ «ወ» የተዘጋውን ለሁለት ይከፍለዋል። ይበልጥ የሚያስደንቀኝ ግን በአንድ ቤት ውስጥ ያለው ለውጥ ነው። «ባ» ግራ እግሩ ያጥራል፣ «ቦ» ቀኙ። «ቦ» ቀድሞ «ባ» ሲከተል አጫጭሮቹ እግሮች መሃል ላይ ይገናኙና ከሥራቸው አንድ ሰፊ ነጭ ይከፈታል፤ ሌላ መስመር ይገባበታል። ቅደም ተከተሉ ሲገለበጥ ረጃጅሞቹ ይጠጋጉና መሃሉ ይጨናነቃል። «ቤ» እግር ሥር ያለችውም ቀለበት ብርቱ ጥንቃቄ ትሻለች፤ ፊደሉ ሲወፍር ቀድማ የምትደፈነው እሷ ናት። ቃላትን ይለይ የነበረው ሁለት ነጥብ ከዕለት ተዕለት ጽሑፍ ከቀረ ወዲህ ደግሞ ቃልን ከቃል የሚለየው ራሱ ነጩ ሆኗል።

መነሻችን ላይ የጠቀስናትን የአዳማ ከተማን ስም እንመልከት። «አዳማ» ሦስት ፊደል ነው፤ «አ» በሁለት እግሩ ይቆማል፣ «ዳ» ግራ እግሩን ያሳጥራል፣ «ማ» ሁለት ቀለበት ይዞ ይመጣል። በቁቤ ሲጻፍ ሰባት ፊደል ይሆናል፤ ከሰባቱ አምስቱ አንድ ዓይነት ናቸው። በትልልቁ ከተጻፉ እያንዳንዳቸው አንድ የተዘጋ ሦስት ማዕዘን ስለሚይዙ በመስመሩ ላይ አምስት ነጫጭ ሦስት ማዕዘኖች ይደረደራሉ። በአንድ ወረቀት ላይ ሁለት የተለያዩ ምቶች አሉ ማለት ነው። ብዙ ጊዜ የሚታየው ስህተት ሁለቱን መስመሮች እኩል ለማድረግ ሦስቱን ፊደላት በኮምፒውተር ወደ ጎን መለጠጥ ነው። ያኔ የቆሙት እግሮች ይወፍራሉ፣ አግዳሚዎቹ ግን እንደነበሩ ይቀራሉ፤ ፊደሉ ሚዛኑን ያጣል። ሦስቱን በተፈጥሯቸው ትቶ የተረፈውን ነጭ የፖስተሩ አካል ማድረግ ይሻላል።

ፊደላችን ከንባብ አልፎ ራሱን ችሎ ሥዕል እንደሚሆን ካሳዩት አንዱ ሠዓሊው ወሰኔ ወርቄ ኮስሮፍ ነው። እ.ኤ.አ. በ1950 አዲስ አበባ ተወልዶ፣ እዚያው በሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ተምሮ፣ በ1980 ከሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ በማስትሬት ተመርቋል። የአማርኛን ፊደላት እየቆረጠ፣ እያስረዘመ፣ እየገለበጠ ሸራ ላይ ያዋቅራቸዋል። ለሥዕል ይህ ነጻነት መልካም ነው፤ ፖስተር ግን ከመንገድ ማዶ መነበብ አለበት፣ ስለዚህ ከወሰኔ ድፍረቱን እንውሰድና መነበቡን አንልቀቅ።

የባነርና የፖስተር ሥራ ያላችሁ ወጣቶች፣ ቃሉን መጀመሪያ በጥቁር ብቻ በትልቁ አትሙት፣ ገልብጡትና ነጩን ብቻ ተመልከቱ። እናንተ ደንበኞችም ወጣቶቹን ባዶ የቀረውን ጥግ ሁሉ በስልክ ቁጥርና በአበባ ካልሞላችሁ አትበሏቸው።