ግድግዳው ያምራል፤ ይነድዳል ወይ?



በገጠር አዲስ ቤት ሲሠራ ጎረቤቱ ሁሉ ሐሳብ ይሰጣል። አንዱ «በነጭ አፈር ይለቅለቅ» ይላል። ሌላዋ «ቀዩ አፈር ይሻላል» ትላለች። አንድ አዛውንት ግን መጀመሪያ ምርጊቱን መታ መታ ያደርጋሉ። «ጠንክሯል ወይ?» ይላሉ።

በከተማም ያው ነው። የመኖሪያ ፎቅ ሲሠራ ስለ ውጭ መልኩ ብዙ ይወራል። መስተዋት ይሁን? ድንጋይ ይሁን? ግራጫ ይሁን ወይስ ነጭ? ይህ ክፉ አይደለም። ያማረ ቤት ማን ይጠላል? ነገር ግን ከቀለሙ በፊት የሚጠየቅ አለ። «ይህ ነገር እሳት ቢነካውስ?»

ይህ ጥያቄ ሲረሳ የሚመጣውን መከራ ከለንደን ከተማ እንማር።

በእንግሊዝ አገር፣ በለንደን፣ ግሬንፌል የሚባል ባለ 24 ፎቅ መኖሪያ ነበር። የኢትዮጵያ ተወላጆችም ይኖሩበት ነበር። ግድግዳው ከሲሚንቶ የተሠራ ነው። ሲሚንቶ አይነድድም። በ2008 ዓ.ም. ግን ሕንጻው ታድሶ ከውጭ አዲስ ልብስ ለበሰ። ብርድ እንዳያስገባ፣ መልኩም እንዲያምር ተብሎ ነው። ልብሱ ሲመረጥ ዋጋው መርከሱም ታይቷል።

ልብሱ ሲያዩት ብረት ብቻ ይመስላል። ግን ሁለት ስስ የአሉሚኒየም ቆርቆሮ ነው። በመካከሉ ፕላስቲክ አለ። በሁለት ቂጣ መካከል ቅቤ እንደ መቀባት ነው። ፕላስቲክ እሳት ሲነካው ይቀልጣል፤ ይነድዳል።

ሰኔ 7 ቀን 2009 ዓ.ም. ከሌሊቱ 7 ሰዓት ገደማ በ4ኛው ፎቅ፣ በአንድ ማድ ቤት ውስጥ፣ ፍሪጅ ተቃጠለ። እሳቱ በመስኮት ወጥቶ የግድግዳውን ልብስ ያዘ። ከግማሽ ሰዓት ባነሰ ጊዜ ሕንጻው ጫፍ ደረሰ። 72 ሰዎች ሞቱ።

ከነዋሪዎቹ መካከል ስለ እሳት አደጋ ቀድመው የተናገሩ ነበሩ። ሰሚ አላገኙም። ከዚያ በኋላ፣ በ2011 ዓ.ም.፣ ከ18 ሜትር በላይ በሆኑ አዳዲስ መኖሪያ ቤቶች የውጭ ግድግዳ ላይ የሚነድድ ነገር እንዳይለጠፍ በእንግሊዝ ተከለከለ። ሕጉ መጣ፤ የሞቱት ግን አይመለሱም።

ይህ ለእኛ ምን ያደርግልናል? ከልጆቻችን ከተማ ገብቶ ፎቅ የሚሠራ አለ። ፎቅ ላይ የሚኖርም አለ። ማንበብ የቻለ ሰው በዕቃው ላይ የተጻፈውን ያነባል። ያልገባውን ይጠይቃል። «ምንህ ያምራል?» ብቻ ሳይሆን «ከምን ተሠራህ?» ይላል። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባል የለ?

ለውይይት፦
1. በሠፈራችን ቶሎ እሳት የሚይዘው የቤት ክፍል የትኛው ነው?
2. እሳቱ ከምድጃ እንዳይወጣ ምን እናድርግ?