የተነፋ በሬ ከመወጋቱ በፊት ጨጓራው የያዘውን ማወቅ

በአረርቲና በአካባቢዋ የጤፍና የሽምብራ ማሳ በአብዛኛው የሚታረሰው በበሬ ነው። በእርሻ ወቅት አንድ በሬ የሞተበት ገበሬ ጥማዱ ይፈርስበታል። በሬን በጥቂት ሰዓት ውስጥ ከሚገድሉት ሕመሞች አንዱ የሆድ መነፋት ነው። በሬው ሲነፋ ቸኩሎ በጩቤ መውጋት አንዱን ሲያድን ሌላውን ይገድላል። ልዩነቱን የሚያመጣው ጨጓራው የያዘው ነገር ነው።

ሐኪሞችም ሰውን ለቀዶ ጥገና ከማደንዘዛቸው በፊት ሆዱ ባዶ መሆኑን ያረጋግጣሉ፤ ምግብ ወደ ላይ ተመልሶ ሳንባ ውስጥ ከገባ ይገድላልና። በጾሙ ከተጠራጠሩ ጨጓራውን በአልትራሳውንድ የሚመለከቱበት ጊዜ አለ። ነገር ግን የዚህ መሣሪያ ድምፅ ጋዝን አልፎ አይሄድም። ስለዚህ ለተነፋ በሬ ከመሣሪያው ይልቅ እጅና ጆሮ ይጠቅማሉ።

ምርመራው የሚደረገው በግራ ጎን፣ ከመጨረሻው የጎድን አጥንት በስተኋላ ባለው ጎድጓዳ ቦታ ነው። በጣት ይመታል፤ በጡጫም ይጫናል። በሬው የበላውም ይጠየቃል።

ሀ) ጋዝ፦ ሲመታ እንደ ከበሮ ይጮኻል። ድንች ወይም ሌላ ነገር ጉሮሮውን ዘግቶት ሊሆን ይችላል። የሠለጠነ ሰው ቱቦ በአፉ ወደ ጨጓራው ሲያስገባ ጋዙ ይወጣል።

ለ) አረፋ፦ እርጥብ ማገጥ ወይም አልፋልፋ ከጋጠ በኋላ ይመጣል። ቱቦ ቢገባም የሚወጣው ጋዝ ጥቂት ነው። አረፋውን ለመስበር ከ250 እስከ 500 ሚሊ ሊትር የምግብ ዘይት ይሰጠዋል። ራሱን ሽቅብ ሳይጎትቱ በዝግታ ማጠጣት ያስፈልጋል። መዋጥ ካቃተው ግን በአፉ ምንም አይጨመርበት።

ሐ) እህል፦ ከአውድማ እህል የበላ በሬ ጨጓራው ሲጫኑት እንደ ሊጥ ሰርጉዶ ይቀራል። ይህ መወጋት የለበትም። ከእህሉ ይራቅና የእንስሳት ሐኪም ሳይዘገይ ይጠራ፤ ሕመሙ ሳይታይ ብዙ ሰዓት ሊቆይ ስለሚችል ደኅና መስሎ መታየቱ አያዘናጋ።

በመሣሪያ መውጋት የመጨረሻው አማራጭ ነው። የሚደረገውም በሬው መተንፈስ አቅቶት ሊወድቅ ሲል፣ በሠለጠነ ሰው እጅ ነው። ቀዳዳው ጠባብ ከሆነ አረፋ አይወጣበትም። በጩቤ ሲቀደድ ደግሞ የጨጓራው ይዘት ወደ ሆድ ዕቃ ፈስሶ ይመርዛል።

ከሁሉ የሚሻለው መከላከል ነው። በመስከረምና በጥቅምት የተራበ ከብት ጤዛ ወዳለበት ማገጥ አይለቀቅ፤ አስቀድሞ ጭድ ይብላ። በውቂያ ጊዜ አውድማው ይታጠር። የኅብረት ሥራ ማኅበራትም ዘይትና ንጹሕ ቱቦ በአንድ በታወቀ ቦታ ቢያስቀምጡ፣ ቱቦውን የሚጠቀም አንድ አባልም ቢያሠለጥኑ፣ በሌሊት የሚነፋ በሬ ያለ ረዳት አይቀርም።