የስልክ ባንክ ደንበኛ ምን ያስባል?

በኢትዮጵያ የዲጂታል ባንክ ደንበኞች አመለካከት ሲጠና ሁለት ዓይነት መረጃ ይሰበሰባል። አንዱ ከባንኮችና ከክፍያ ድርጅቶች መዝገብ የሚወጣው የደንበኛና የግብይት ብዛት ነው፤ ሌላው ደንበኛውን ራሱን በመጠየቅ የሚገኘው ነው። በዜና የሚነገረው አብዛኛውን ጊዜ የመጀመሪያው ነው። ይህ መረጃ ሰዉ ምን እንዳደረገ ያሳያል፤ ለምን እንዳደረገውና ቢቻለው ይተወው እንደሆነ ግን አያሳይም።

በመጠይቅ ከሚሠሩት ጥናቶች ሰፊው የዓለም ባንክ ግሎባል ፊንዴክስ ነው። በዚህ ጥናት መሠረት እ.ኤ.አ. በ2017 ከኢትዮጵያ አዋቂዎች 35 በመቶው፣ በ2022 ደግሞ 46 በመቶው አካውንት ነበራቸው። በእነዚህ ዓመታት መካከል፣ በግንቦት 2013 ዓ.ም. ኢትዮ ቴሌኮም የሞባይል ገንዘብ አገልግሎቱን ቴሌብርን ጀመረ። የሳፋሪኮም ኤም-ፔሳ በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ተከተለ። ሆኖም አካውንት መክፈትና በአካውንቱ መገልገል ለየቅል ናቸው። ደመወዙ ሲገባለት በዚያው ቀን ኤቲኤም ላይ ተሰልፎ ሁሉንም የሚያወጣ ሠራተኛም በስሌቱ ባለአካውንት ነው።

ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ነገሩን ይበልጥ ያወሳሰበው የነዳጅ ክፍያ ነው። በሚያዝያ አዲስ አበባ ላይ፣ በግንቦት ደግሞ በመላ አገሪቱ ነዳጅ በዲጂታል ክፍያ ብቻ እንዲሸጥ ተደረገ። ማደያ ደርሶ ስልኩ እምቢ ያለው ሾፌር ከኋላው ለተሰለፈው ሰው ጥሬ ብር ሰጥቶ ያስከፍላል። መዝገቡ ይህንን የተሳካ ዲጂታል ግብይት ብሎ ይይዘዋል፤ ሾፌሩ ቢጠየቅ ግን ስለ አገልግሎቱ የሚለው ሌላ ነው። በመመሪያ የመጣ ዕድገት የፍላጎት ማስረጃ ተደርጎ መቅረብ የለበትም።

በዩኒቨርሲቲዎች በብዛት የሚሠራበት የጥናት ማዕቀፍ ፍሬድ ዴቪስ እ.ኤ.አ. በ1989 ያሳተመው የቴክኖሎጂ ቅበላ ሞዴል ነው። ሁለት ነገር ይጠይቃል፦ አገልግሎቱ ይጠቅማል ወይ? ለአጠቃቀምስ ይቀላል ወይ? ጥያቄዎቹ መጥፎ አይደሉም። ችግሩ መጠይቁ የሚበተንበት ቦታ ላይ ነው። ቅርንጫፍ ውስጥ ወረፋ ለሚጠብቅ፣ ማንበብና መጻፍ ለሚችል ከተሜ ሲታደል ገበሬውም፣ ቤት የምትውለው እናትም፣ የሚስጥር ቁጥሩን ልጁ የሚያስገባለት አዛውንትም ይቀራሉ። ይሉኝታም አለ፤ የባንኩ ሠራተኛ ቆሞ እያየው «አልስማማም» የሚለው ላይ ምልክት የሚያደርግ ብዙ አይደለም።

ከሁለቱ ጥያቄዎች ውጭ የሚቀረው ትልቁ ነገር እምነት ነው። እሱም ከመጠይቅ ይልቅ በገበያ ቦታ ይነበባል። ገዥው «ልኬያለሁ» ብሎ ስክሪንሹት ቢያሳይ ባለሱቁ ዕቃውን አይለቅም፤ መልእክቱ በራሱ ስልክ እስኪደርስ ይጠብቃል፤ ሻጩ ተቀጣሪ ሆኖ ስልኩ ከአሠሪው ጋር ከሆነ ደውሎ «ገብቷል?» ይላል። በሐሰተኛ የክፍያ መልእክት የተታለለ ነጋዴ ስላለ ጥንቃቄው ከኋላቀርነት የሚቆጠር አይደለም። ባለሱቁ ቴክኖሎጂውን ይፈልገዋል፤ የማያምነው ማረጋገጫውን ነው።

እምነት የሚላላው በአጭበርባሪ ብቻ አይደለም። መጋቢት 6 ቀን 2016 ዓ.ም. ሌሊት በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሲስተም ላይ በደረሰ ችግር ብዙዎች፣ በተለይም የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች፣ ከአካውንታቸው የሌላቸውን ገንዘብ አወጡ፤ አስተላለፉም። ባንኩ መጠኑን ወደ 801 ሚሊዮን ብር አድርሶታል፤ ኋላም ያልመለሱትን ሰዎች ስምና ፎቶ ይፋ አድርጓል። በማግስቱ ቅዳሜ አገልግሎቱ ለሰዓታት በመቋረጡ ምንም ያላጠፋው ደንበኛም የራሱን ብር ማውጣት አልቻለም። በትግራይ የደረሰው ደግሞ በሰዓት የሚቆጠር አልነበረም። ከሰኔ 2013 ዓ.ም. መጨረሻ እስከ ታኅሣሥ 2015 ዓ.ም. ባንክ ተዘግቶ ገንዘብ እያለው የተቸገረ ቆጣቢ ጥሬ ብር ቤቱ ማስቀመጥ ቢመርጥ የግንዛቤ ማነስ ሊባል አይችልም።

ስለዚህ ጠቃሚው መጠይቅ ከ«ይመችዎታል?» ይልቅ ለመጨረሻ ጊዜ «ሲስተም የለም» ሲባሉ ምን እንዳደረጉ፣ የሚስጥር ቁጥርዎን ሌላ ማን እንደሚያውቅ፣ ተቆርጦ ያልደረሰ ብር በስንት ቀን እንደተመለሰ የሚጠይቅ ነው። ባንኮችም የግብይት ብዛታቸውን ሲያሳውቁ ያልተሳካውን ግብይትና የቀረበውን ቅሬታ አብረው ይፋ ሊያደርጉ ይገባል።