የፍርድ ክብርና የንግድ እምነት

በቀድሞው ዘመን ሰው «በሕግ አምላክ!» ብሎ ያስቆመው እንደ ሆነ፥ ጉልበተኛም ቢሆን ቆሞ ወደ ዳኛ ይሄድ ነበር። ነጋዴም ዕቃውን በዱቤ የሚሰጠው፥ ደንበኛው ቢክድ ይፈረድልኛል፤ የተፈረደውም ይፈጸምልኛል ብሎ ነው።

በማገለግልበት ንግድ ቤት፥ ዛሬ በሸገር ከተማ ሥር ወደሚገኙት ወደ ሰበታ፥ ወደ ቡራዩና ወደ ሱሉልታ በዱቤ የሚላከውን ዕቃ ውል የምጽፈው እኔ ነኝ። ውሉን ስፈጽም በቡራዩ የሆነው ነገር ትዝ ይለኛል። ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ የተያዙ ሰባት የኦሮሞ ነፃነት ግንባር መሪዎች፥ ፍርድ ቤት ይለቀቁ ብሎ እያዘ በቡራዩ ፖሊስ ጣቢያ ታስረው ቆዩ። የተፈቱት በ2016 ዓ.ም. መጨረሻ ነው። የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽንም እንዲለቀቁ ደጋግሞ ጠይቆ ነበር።

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 79፥ ዳኛ ከማናቸውም ባለሥልጣን ተጽዕኖ ነጻ ነው ይላል። ነጻነቱ ግን ከመጠየቅ አያድነውም፤ ጉቦ የሚበላ ዳኛ በ2013 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 1233 መሠረት በፌዴራል ዳኞች አስተዳደር ጉባኤ ፊት ይጠየቃል። ታዲያ ዳኛው ስለ ፍርዱ የሚጠየቅ ከሆነ፥ ትእዛዙን የናቀ ሹምስ ስለ ምን አይጠየቅም?

የሰውን ነጻነት የሚመልስ ትእዛዝ ካልተከበረ፥ ስለ ጤፍና ስለ ቆርቆሮ ዕዳ የተሰጠ ፍርድ ይከበራል ብሎ የሚተማመን ነጋዴ አይገኝም። ስለዚህ የንግዱ ማኅበረሰብ የመንገድና የመብራት ጥያቄ ሲያቀርብ፥ የፍርድ አፈጻጸምን ከሁሉ አስቀድሞ እንዲጠይቅ በትሕትና እናሳስባለን።